አምስት እሁድ ከደጀ ሰላሙ ውጭ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ መስከረም ሊጠባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ አንዲት ሴትን በክፉ ስጠረጥር ሊገድለኝ የነበረውን ነገር አንድም ቀን ሳልጠረጥር በመቅረቴ ነው።

ሰበታ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ ሲሆን፣ በጅማ መንገድ ላይ ባለ አንድ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ መጠራጠር ነው፤ ናሙና ወስጄ እንከን እፈልጋለሁ። ከሰው ጋር ቶሎ አልግባባም፤ ዓይን አፋር ነኝ።

የወር አበባዬ ድሮ አምስት ቀን ነበር። በዚያ ክረምት አሥር ቀን ቆየ። ሦስት ቀን ጠፍቶ እንደገና መጣ። ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚያበቃ መለየት አቃተኝ። የረጋ ደምም አይ ነበር። ሥራ ቦታ ሁለት ሞዴስ ደርቤ፣ ጥቁር ሱሪ ለብሼ፣ ጋዋኔን ሳላወልቅ እውላለሁ። ለታላቅ እህቴ በስልክ ነገርኳት። “ስትወልጂ ይስተካከላል፤ እኔም እንደዛ ነበርኩ” አለችኝ። ደስ አለኝ። ሐኪም ቤት ላለመሄድ ምክንያት አገኘሁ።

ቤተ ክርስቲያን መሄድ ግን አልተውኩም። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ወደ ውስጥ ስለማትገባ፣ ከደጀ ሰላሙ ውጭ አጥሩ ሥር ቆሜ አስቀድስ ነበር። እዚያ የሚቆም ሰው ብዙ ነው። የመጀመሪያውን እሁድ ማንም ልብ አላለኝም፤ ሁለተኛውንም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ግን በሩ አጠገብ ጧፍ የሚሸጡ ሴት ዓይናቸውን ከእኔ ላይ እንደማይነቅሉ አስተዋልኩ።

ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ነው። አጠገባቸው ላለችው ነጠላ ሻጭ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ሹክ ይሏታል፤ ከዚያ ሁለቱም ዞረው ያዩኛል። ኦሮምኛ ብዙም አልሰማም። ያልገባኝን ራሴ ተረጎምኩት። በሥርዓታችን ወንድ የወለደች አርባ ቀን፣ ሴት የወለደች ሰማንያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ያላገባች ልጅ ለሳምንታት ውጭ ስትቆም ሰው ምን ይላል? “ወልዳ ጥላ ነው”፤ ካልሆነም “አስወርዳ ነው።”

አራተኛው እሁድ ቦታ ቀየርኩ። ከመንገዱ ማዶ ባሕር ዛፍ ተደግፌ ቆምኩ። ሴትየዋ በርጩማቸውን አዙረው ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው ተቀመጡ። በዚያው ሳምንት አከራዬ “ምነው ፊትሽ ገረጣ?” አሉኝ። እሳቸውም ሰምተዋል ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በኋላ ሞዴስ ከሰፈሬ ሱቅ መግዛት ትቼ በሚኒባስ ዓለም ገና ድረስ መሄድ ጀመርኩ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታ ነበር፤ ከጭንቀቱ ነው አልኩ።

አምስተኛው እሁድ ቅዳሴው ሳያልቅ ሴትየዋ መንገዱን ተሻግረው መጡ።

“አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት ነሽ? አምስተኛ እሁድሽ ነው አይደል፣ ልጄ?”

ፊቴ ጋለ። “እኔን መቁጠር ነው እንዴ ሥራዎ?” አልኳቸው። በሕይወቴ ለታላቅ ሰው እንዲህ መልሼ አላውቅም።

“ታዲያ ምን ልቁጠር? ጧፉን እንደሆነ የሚገዛው የለም” ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸውን ተዉት። “ከንፈርሽ እንደ ወረቀት ነጥቷል።”

ትቻቸው ወደ ባጃጅ ተራው ሄድኩ። ተከተሉኝ። ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፤ እሳቸውም ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። የፋብሪካ ልጆችን “ዐረብ አገር እንልካችኋለን” እያሉ ስለሚያታልሉ ደላሎች ብዙ ይወራ ነበርና፣ ከሐሜተኝነት አልፈው ደላላ መሰሉኝ። ቦርሳዬን አቀፍኩ።

ወደ ሰፈሬ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ሾፌሩን “ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ጤና ጣቢያ” አሉት።

“ወራጅ አለ!” ብዬ ጮህኩ።

“እማማ፣ ልጅቷ ወራጅ እያለች ነው እኮ” አለ ሾፌሩ፣ በመስታወቱ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን እያየ። “በእሁድ ምድር ጣጣ ውስጥ እንዳያስገቡኝ!”

“መቆም ከቻለች አውርዳት” አሉት።

አቆመ። አንድ እግሬን አወጣሁ። አስፋልቱ ዞረብኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሴትየዋ በብብቴ ሥር ይዘውኝ፣ ሾፌሩም ማንም ሳያዘው ወደ ጤና ጣቢያው ሲነዳ ነው።

እዚያም ጥርጣሬዬ አልለቀቀኝም። ተረኛዋ ሲስተር ከሁሉ አስቀድማ የእርግዝና ምርመራ ስታዝ፣ ሴትየዋ የሆነ ነገር ነግረዋታል ብዬ አሰብኩ። “አላገባሁም እኮ” አልኳት፣ እንባዬ እየመጣ።

“ስለ ጋብቻ አልጠየቅኩሽም። እንዲህ የሚደማትን ሁሉ እንመረምራለን” አለች። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞራ “እናቷ ነዎት?” ብትላቸው “ጧፍ ሻጭ ነኝ” ብለው ወጡና ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። እኔ ግን እዚያው ቆመው ሊሰሙ ይፈልጋሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

እርግዝና አልነበረም። ደሜ ግን በጣም ወርዷል። ሲስተሯ ወደ ሆስፒታል ሪፈር እየጻፈችልኝ፣ “ከሰባት ቀን ካለፈ፣ በየሰዓቱ ሞዴስ ካስቀየረሽ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ካየሽ፣ ጊዜው ሳይደርስ በመሀል ከመጣ፣ ከደከመሽ፣ ካዞረሽ መምጣት ነበረብሽ። አንዱ ይበቃ ነበር። አንቺ ሁሉንም ሰብስበሽ መጣሽ” አለችኝ።

ሆስፒታል ደም ተሰጠኝ። በአልትራሳውንድ ማሕፀኔ ውስጥ ማዮማ የሚባል እጢ ታየ። ካንሰር አይደለም፤ በመድኃኒት እየታከምኩ ነው። ሐኪሙ ጥቂት ቀናት ብዘገይ ኖሮ ልቤ ላይችለው ይችል እንደነበር ነግሮኛል።

ሲሻለኝ ሴትየዋን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ደላላ መስለውኝ እንደነበር ስነግራቸው “በዚህ ጫማ?” ብለው የተቀደደ ላስቲክ ጫማቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። ለምን እንደተከተሉኝ ጠየቅኋቸው።

“ልጄም እንዳንቺ እያፈረች ደብቃኝ፣ ሜዳ ላይ ወደቀችብኝ” አሉ።

አንገቴን ደፍቼ “ነፍሷን ይማር” አልኩ።

“በስመ አብ! ማን ሞተች አለሽ? ሱሉልታ አግብታ ሁለት ወልዳለች። ስልክ ነው የማትደውልልኝ!”

ዛሬም ዓይን አፋር ነኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደረጃው መሀል ቆማ ግድግዳ ስትደገፍ አየኋት። ጠጋ ብዬ “የወር አበባሽ ከመጣ ስንት ቀን ሆነው?” አልኳት። ‘ምን አገባሽ?’ በሚል ዓይን አየችኝ። ደግሜ ጠየቅኋት።