ሁለተኛው ንባብ

የአልሜንድራ ኮሌጅ የመምህራን ሸንጎ ዝም ብሎ አያውቅም። ስለ ወንበር መግዛት ቢነሳ ስምንት ሰው ይናገራል። ለሞተ ባልደረባ አንድ ደቂቃ ዝም እንበል ቢባል እንኳ የባዮሎጂዋ መምህርት እጇን አውጥታ ደቂቃዋ ከየት ጀምራ እንደምትቆጠር ትጠይቃለች። አርሊን ቤዶያን ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ራሷም ድርሰት ታስተምር በነበረበት ዘመን እዚያው ክፍል ቁጭ ብላ ስንቱን ሹም በምላሷ አስመርራለች።

ለሁለተኛ ንባብ የተሟገተችውም ያኔ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ አንድ ጉዳይ ለሸንጎው የቀረበ ቀን ድምፅ አይሰጥበትም። ዛሬ ይነበባል፣ ሰው ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ያድርበታል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዳግመኛ ተነብቦ ይወሰናል። የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ሥራ ያጓትታል ብሎ ሊያስቀረው ሲነሳ፣ «ተናደን የወሰንነውን ማን ይመልስልናል?» ብላ አንድ ዓመት ሙሉ ተከራክራ ደንቡን አቆየችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን ሰዎቹ በራሳቸው ቋንቋ ያውቁታል፤ ማወቅና መታገሥ ግን የተለያዩ ናቸው።

በኋላ ሹመት መጣና የትምህርት ምክትል ፕሬዚዳንት አደረጓት። የትኛው ትምህርት ይከፈት፣ የትኛው ይታጠፍ የሚለው በእጇ ወደቀ። በሸንጎው ግን ወንበሯ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሄደ፤ መናገር እንጂ ድምፅ መስጠት አትችልም። የሸንጎው ሊቀመንበር ኤሊሴዮ ባራጋን ታሪክ አስተማሪ ነው። ወጣት ሳለ ከአባቷ እርሻ ወይን ይለቅም ስለነበር እንደ አባቷ በአርመኖች የቁልምጫ አጠራር «አርሊን ጃን» ብሎ ነው የሚጠራት።

«አርሊን ጃን፣ ወደ ማዶ ተሻገርሽ» አላት የተሾመች ቀን። «እንኳን ደስ አለሽ። ከየት እንደተሻገርሽ እንዳትረሺ ብቻ።»

ትረሳለች ብሎ የሚጠረጥራት ሰው አልነበረም። ረሳች።

ሐምሌ ነበር። በዚያ አገር ሐምሌ ምድር የሚነድበት ወር ነው፤ መምህር ሁሉ ወደ ባሕር ይሸሻል፣ ሸንጎም አይሰበሰብም። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ዊትሎክ በጀት ጠቧል፣ ባዶ ክፍል ይታጠፍ አለ። አርሊን ምዝገባውን ስታይ የትራክተር ጥገናው ትምህርት ጥቂት ሰው ብቻ ይዟል። ማንን ትጠይቅ? ማንም የለም። መስከረም ላይ ልንነጋገርበት እንችላለን ብላ ማቆየት ስትችል፣ ብቻዋን ዘጋችው።

ነሐሴ ላይ የክፍሉ መምህር ኩልዋንት ዴሲ ከእረፍት ሲመለስ ጋራዡ ተቆልፎ አገኘው። ኩልዋንት ጢሙ የሸበተ፣ ጥምጥሙ ሁልጊዜ ንጹሕ፣ እጁ ሁልጊዜ ግራሶ የሆነ ሰው ነው። ሸንጎ ላይ ለዓመታት ሲቀመጥ ከሁሉም ያነሰ የሚናገረው እሱ ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ ግን ተነሳና አንዲት ዓረፍተ ነገር አነበበ፤ ሸንጎው በትምህርት ምክትል ፕሬዚዳንቷ ላይ እምነት የለውም የምትል። አንደኛ ንባብ።

ከዚያ ዞሮ አያት። «ሐምሌ ላይ ዘጋሽው። የኔ ተማሪዎች ሐምሌ ላይ የት ናቸው? ኮክ ይለቅማሉ። ከኮክ ወደ ወይን ይሄዳሉ። ዘቢቡ ከመሬት ሳይነሳ ማን ትምህርት ቤት ይመጣል? በየዓመቱ በመጨረሻው ሰዓት ከአለቃ አስፈቅደው እየሮጡ ነው የሚመዘገቡት። አንቺ ግን የማን ልጅ ነሽ?»

የአርሊን አባት የዘቢብ ገበሬ ነበሩ። ወይኑ በረድፎቹ መካከል ወረቀት ላይ ተሰጥቶ ደርቆ፣ ተጠቅልሎ እስኪገባ ድረስ በእነሱ ቤት የሠርግ ቀን አይቆረጥም፣ እንግዳ አይጠራም፣ ጥርስ ቢያም እንኳ ይቻላል እንጂ ሐኪም ዘንድ አይኬድም፤ ዝናብ ይቀድማል ተብሎ። ከሌላ አገር የመጣ ሹም ቢዘጋው አላወቀም ይባላል። እሷ ምን ትበል?

ሁለት ሳምንት ቀራት። ድምፁ ቢያልፍ ከሥራ የሚያባርራት ሕግ የለም። ግን መምህራን እምነት የለንም ካሏት በኋላ ዓይኗን በጨው ታጥባ እዚያ ጠረጴዛ ጫፍ አትቀመጥም፤ ይህን ለራሷ ቆርጣለች።

ዶክተር ዊትሎክ ቢሮው አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግር ሲያይ ቶሎ ማቃለል የሚወድ ሰው ነው። «አትጨነቂ» አላት። «የክፍሎቹ መርሐ ግብር ባንቺ እጅ ነው፣ ቦርዱም ከጎንሽ ነው። ይጩኹ።»

«ዶክተር፣ እኔ ክፍሉ እንዲከፈት ነው የምፈልገው። ተሳስቻለሁ።»

«ታዲያ ክፈቺዋ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ክፈቺው። ኩልዋንት ይደሰታል፣ ንባቡን ያነሳል፣ አለቀ።»

እውነት ለመናገር ልቧ ይህን አጥብቆ ፈልጎ ነበር። አንዲት ፊርማ ናት። ሹመቷ ይተርፋል፣ ልጆቹ ይማራሉ፣ ማንም አይጎዳም። ግን፣ «ብቻዬን ነው የዘጋሁት። ብቻዬን ከከፈትኩት ያው ነው» አለች።

«ምኑ ነው ያው? አንዱ መዝጋት፣ አንዱ መክፈት።»

«አንድ ሰው ተነስቶ የከፈተውን ሌላ ሰው ተነስቶ ይዘጋዋል። ለሸንጎው አቀርባለሁ። ሁለት ጊዜ ይነበብ።»

«እምቢ ቢሉስ?»

«እምቢ ይላሉ።»

ዊትሎክ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «አንቺ ሴትዮ፣ መምህርነቱ ጨርሶ አልለቀቀሽም» አላት፤ ስድብ ይሁን ምርቃት አልለየችውም። መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥም እንላለን እኛ። መካሪ እያላቸው ያልጠየቁ ሹማምንት ግን ስንት ናቸው?

በማግስቱ ኩልዋንትን ፍለጋ ሄደች። ጋራዡ ስለተቆለፈ ውጭ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ የጎረቤት ትራክተር ሥር ተኝቶ አገኘችው።

«ልትለማመጪኝ ከሆነ ንባቤን አላነሳም» አለ ከሥር።

«እሱን አልጠየቅኩህም። ተማሪዎችህ መቼ መምጣት ይችላሉ?»

ከትራክተሩ ሥር አንድ እጅ ብቅ ብሎ ባትሪ ሰጣት። «ያዢልኝ። ወደ ግራ። የገበሬ ልጅ ሆነሽ ባትሪ መያዝ አታውቂም?»

አንገቷ እስኪደርቅ ያዘችለት። እሱም ቁልፉን እያዞረ ነገራት፤ ጥቅምት ቢጀመር፣ ቅዳሜም ቢጨመር፣ ዘቢቡ ስለሚገባ ሁሉም ይመጣሉ። ሲጨርስ ከቴርሞሱ ወተት የበዛበት ሻይ ቀዳላት። ስለ ንባቡ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ሻዩ ጣፋጭ ነበር፤ አርሊን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አንዳች ነገር ቀመሰች።

ክፍሉ ጥቅምት ይከፈት የሚለው የእሷ ሐሳብ ለአንደኛ ንባብ የሚቀርበው የኩልዋንት ሁለተኛ ንባብ በሚወሰንበት ቀን ሆነ። ቅደም ተከተሉ ደግሞ የቆየው ይቀድማል ነው። ባራጋን መንገድ ላይ አስቆማት። «አርሊን ጃን፣ ያንቺን ሰምተው ይፍረዱ። የሱን ለሚቀጥለው ላስተላልፍልሽ?»

«ለሌላ ሰው ታስተላልፍ ነበር?»

«አላስተላልፍም።»

«እንግዲያው ተወው።»

ቀኑ ደረሰ። ክፍሉ ጢም ብሏል፤ ሸንጎ ረግጠው የማያውቁ ሁሉ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አርሊን ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣመረች።

ባራጋን የኩልዋንትን ዓረፍተ ነገር አነበበ። «ሁለተኛ ንባብ ነው። ወደ ድምፅ እንዲሄድ ሐሳብ የሚያቀርብ?»

ያለ አቅራቢ ድምፅ አይሰጥም። ሁሉም ወደ ኩልዋንት አየ። ኩልዋንት በወረቀት ጫፍ ከጥፍሩ ሥር ግራሶ ያወጣል። ቀና አላለም።

ባራጋን ጠበቀ። ሰዓቱን አላየም፣ ጉሮሮውን አልጠረገም። «አቅራቢ አለ?» አለ ዳግመኛ።

የባዮሎጂዋ መምህርት አፏን ከፈተች። አርሊን ዓይኗን ጨፈነች። ሴትዮዋ አፏን መልሳ ዘጋች። ያ ስለ ወንበር ስምንት ሰው የሚናገርበት ቤት፣ ለሙት እንኳ ዝም ያላለው ቤት፣ ሰው ሁሉ ወረቀቱን እያየ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም። የማቀዝቀዣው ቧንቧ ሲንቋቋ ብቻ ይሰማ ነበር።

«አቅራቢ የለም» አለ ባራጋን። «ጉዳዩ ወድቋል። ወደሚቀጥለው።»

የሚቀጥለው እሷ ነበረች። ተነስታ ወረቀቷን ያዘችና በለሆሳስ ጀመረች።

«ጮክ በይ» አለ ኩልዋንት። «ከኋላ አይሰማም።»

አነበበች። አንብባ ሳትቀመጥ ጩኸቱ ፈነዳ፤ ጥቅምት ለምን፣ ቅዳሜ የማን ነው፣ ጋራዡን ማን ያጸዳል፣ ይህን የጻፈው ሰው ስለ ትራክተር ምን ያውቃል። ሐሳቧን ገነጣጥለው ጣሉት፤ ግማሹን ያሻሻሉት እነሱ ናቸው፣ ግማሹን ያበላሹትም እነሱ ናቸው። አርሊን ድምፅ በሌለው ወንበሯ ላይ ሆና እያንዳንዱን ስድብ ስታዳምጥ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እነዚህን ሰዎች ትወዳቸዋለች። እነሱ ባይኖሩ ምን ዓይነት ሰው ትሆን እንደነበር ሐምሌ ላይ አይታዋለች።

ሲበተኑ ባራጋንን መኪና ማቆሚያው ጋ ደረሰችበት። «ኤሊሴዮ፣ አነጋግረሃቸው ነው? እንዲተዉኝ ለምነህልኝ ነው?»

«እኔ ማንንም አላነጋገርኩም።» የመኪናውን በር ከፈተ። «መጀመሪያ በተነበበበት ቀን ድምፅ ተሰጥቶ ቢሆን እኔም እጄን አወጣ ነበር፣ አርሊን ጃን። ሁለት ሳምንት አደሩበት።»

ልታመሰግነው አፏን ስትከፍት በእጁ ከለከላት። ገብቶ ሞተሩን አስነሳ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «ደንቡን ያቆየሽልን አንቺ ነሽ» ብሏት ሄደ።