ቆርቆሮ ላይ የቀረችው ጥርስ

ሜልበርን ዳር፣ ዋይንድሃም ቬል ካለው የጥርስ ክሊኒክ ስገባ የቅርንፉድ ሽታ ተቀበለኝ። ከመድኃኒታቸው በአንዱ ውስጥ የቅርንፉድ ዘይት እንዳለ ኋላ ነገሩኝ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ፣ የአምስት ዓመቷን የልጅ ልጄን የናኦሚን እጅ እንደ ያዝሁ፣ በሐሳቤ ደብረ ብርሃን ገብቼ፣ ወንድሜ ታምራት ጉንጩን በነጠላ ታስሮ ከተቀመጠበት መደብ አጠገብ ቆሜ ነበር።

ታምራት ስድስተኛ ዓመቱን የያዘ፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የሚያንስ፣ ሸንኮራ ካየ ጸሎት እንኳ የሚያቋርጥ ልጅ ነበር። ክረምቱ ሲገባ የፊት ጥርሱ ወለቀችለትና፣ እንደ ሰፈሩ ልጆች ወግ ከግቢው መሀል ቆሞ ወደ ጣሪያው ወረወራት፤ አይጧ አሮጌዋን ወስዳ አዲስ ነጭ ጥርስ እንድታመጣለትም ጮኾ ለመነ። ጥርስ ሰጪው አንድዬ እንጂ አይጥ እንዳልሆነች ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ጥርሷ ቆርቆሮው ላይ ኳ ኳ እያለች ተንከባልላ አንድ ቦታ ስትቆም፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ነበር ያዳመጥነው። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ምላሱን በክፍተቷ እየሰደደ «መጣች እንዴ? እዪልኝ እስቲ!» ብሎ አፉን ይከፍትልኛል፤ እኔም ሐኪም መስዬ ዓይኔን አጥብቤ ካየሁ በኋላ «መንገድ ላይ ናት» እለዋለሁ።

የመንጋጋ ጥርሱ ግን ከተቦረቦረ ቆይቶ ነበር። እናቴ ቅርንፉድ ወቅጣ ትወትፍለታለች፤ ሐኪም ቤት ልትወስደው ነጠላዋን ስታነሳ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ ክፋት የማያውቁ ሴት፣ «አንቺ ደግሞ! የወተት ጥርስ አይደል? ለሚወድቅ ጥርስ ምን ያደክምሻል!» ብለው አስቀሯት። ጉንጩ አበጠ፤ እብጠቱ ወደ አንገቱ ወረደ፤ ትኩሳቱ ባሰ፤ ሐኪም ቤት ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። መንገድ ላይ ናት ያልሁት ጥርስ ሳትመጣ ወንድሜ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ ከጠብታው ሁሉ መካከል አንዲት ጠንካራ ድምፅ ለይቼ እሰማ ነበር። እናቴም ሳትሰማ አልቀረችም፤ ጣሪያው ዝጎ ሲያፈስ እንኳ አባቴ ቆርቆሮውን እንዳይቀይር ከለከለችው፣ ከሥሩ ድስት እየደቀንን ኖርን።

ሐኪሟ የናኦሚን መንጋጋ አይታ፣ የተበላሸችው ጥርስ መነቀል እንዳለባት፣ ቦታዋን የሚጠብቅ ትንሽ ሽቦም እንደሚያስፈልግ ነገረችን፤ አለዚያ አጠገቧ ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ እየተጋደሙ ለምትመጣዋ ስፍራ ይነሷታል፣ ልጅቱ ስታድግም የላዩና የታቹ አይገጥምም አለች። ላቨርተን ኖርዝ ካለው መጋዘን ሺፍቷን ጨርሳ በቀጥታ የመጣችው ልጄ ሕሊና፣ እንቅልፍ ባዘለ ዓይኗ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ ሌላ ቀን ቡክ ብናደርግስ? የወተት ጥርስ እኮ ነው፤ ለሚወድቅ ጥርስ!»

እትዬ አስካለን በዓይኗ አይታቸው አታውቅም።

«ዛሬ ይነቀል» አልኋት፤ «ሽቦውም ይደረግላት።»

ከፊቴ ምን እንዳነበበች እንጃ፣ «እሺ እማዬ» ብላ የናኦሚን እጅ ያዘች።

ስንወጣ ናኦሚ ጥርሷን በትንሽ ሣጥን ይዛ፣ በደነዘዘ ከንፈሯ «ቱዝ ፌሪ ኢዝ ካሚንግ፣ አያቴ!» እያለች፣ ሌሊት መጥታ ጥርሱን ወስዳ ሳንቲም ትተዋለች ለሚሏት የፈረንጆች ተረት ሴት ትራስ ሥር ልታስቀምጣት ቸኮለች። እሰየው፣ የዚህ አገር የቤታችን ጣሪያ ሸክላ ነው፤ ድምፅ አይመልስም።

እኔን ግን የሐኪሟ ቃል መኪናው ውስጥም አልለቀቀኝም። በእኛ ቤት ለታምራት ስፍራ የሚጠብቅ ሽቦ አልነበረም፤ ወደ ክፍተቱ ተጋደምን፤ አባቴ ወደ ዝምታው፣ እናቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ እኔም ተንከባልዬ ሜልበርን ድረስ። አምላኬን አላማርርም። ብቻ ከዚያ ክረምት ወዲህ ገጥመን አናውቅም። የደብረ ብርሃኑ ቤትም ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል ይሉኛል፤ ቆርቆሮውን ማን እንደ ወሰደው ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።