ንባቡ ይቅደም

ልጄ ጀርመንኛ ትሰማለች፤ አትናገርም። ቋንቋውን ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርሁት። ባሕር ዳር ውስጥ የማወራው ሰው ስላጣሁ፣ ከተወለደች ጀምሮ ለእሷ ማውራት ጀመርሁ። የሥዕል መጽሐፍ አነብላታለሁ፣ በስልኬ ተረት እከፍትላታለሁ፣ አመሻሽ ላይ አንድ የልጆች ፕሮግራም በቴሌቪዥን እናያለን። በጀርመንኛ ጫማሽን አምጪ ስላት ታመጣለች። መልሷ ግን ሁልጊዜ በአማርኛ ነው፤ "ይኸው!"

አራት ዓመት ሊሞላት ነበር። እስከ ልደቷ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ካልመለሰችልኝ ልተወው ወስኜ ነበር። ለማንም አልተናገርሁም። እንዲያውም ሰው ሲመጣ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ሰምታን፣ "አንቺ፣ ከልጅሽ ጋር በማን ላይ ነው የምትዶልቱት?" ብላ ስቃብኛለች።

በዚያ ሰሞን የባለቤቴ አባት የዓይን ሞራ ሊያስገፍፉ ከዘጌ በጀልባ መጡ። የአብነት መምህር ናቸው፤ ቤተሰቡም ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ከሕክምናው በኋላ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ ማንበብ ተከልክለው፣ እኛ ቤት ተቀመጡ። ሥራ ፈትቶ መዋል አያውቁበትም። እኔም እሳቸው ፊት ጀርመንኛ መናገር አፍሬ ሳምንቱን ሙሉ በአማርኛ ብቻ ከረምሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ቴሌቪዥኑ ዝም አለ። ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍሁ የሁለቱን ወሬ ሰማሁ።

"ምንድን ነው የያዝሽው?"

"መጽሐፍ። ድቡ ጫማው ጠፍቶበት ይፈልጋል።"

"ቆይ፣ ቆይ። በአማርኛ ነው የተጻፈው?"

"አይ፣ በእማዬ ቋንቋ ነው።"

"እንግዲያው ዘለልሽ! እኛ ዘንድ ንባቡ ይቀድማል፤ ትርጓሜው በኋላ ይደርሳል። መጽሐፉ እንደሚለው በይልኝ።"

ቢላዋዬ ቆመ። ልጄ ገጽ ስትገልጥ ሰማሁ። ከዚያ፣ "ዴር ቤር ዙኽት ዛይነን ሹ" አለች፤ መጨረሻው ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ልክ እኔ እንደማነበው።

"ተባረኪ! ድገሚው።"

ደገመችው። የኔታም ተከተሏት፤ ቅዳሴ ሊያስመስሉት ምንም አልቀራቸው።

"እንደሱ አይደለም፣ የኔታ! ቤር ይበሉ!"

"ቤር።"

"ጎሽ!" አለቻቸው፣ እሳቸው ተማሪዎቻቸውን እንደሚሉት።

በሩ ላይ ተለጥፌ ላዳምጥ ስጠጋ የኔታ ኮቴዬን ሰሙ።

"ነይ እስቲ ልጄ፣ ይቺ መምህር ፋታ አልሰጠችኝም። አንቺ አንብቢውና ልክ መሆኗን ልይ።"

ፊቴ ጋለ። ልጄ መጽሐፉን ወደ እኔ አዞረችው። ሽንኩርት በሸተተ እጄ ይዤ ገጹን ጮክ ብዬ አነበብሁ፤ መስኮቱ ክፍት ስለነበር ጎረቤታችንም ሳትሰማ አልቀረችም።

"ይኸን ነው ስትሸሽጊን የከረምሽው?" አሉ የኔታ።

ልጄ ቀሚሴን ጎተተች። "ኖኽ ማል፣ እማዬ!"

"ትርጓሜው?" አሏት።

"እንደገና ማለት ነው፣ የኔታ።"

ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንደ ሙሉ ቆጠርሁላት፤ እንደገናም አነበብሁ።