የላምቦሮ ብረት

ልጅ ሳለሁ፣ ከሞርሲቶ ወዲያ ባለችው የአንጥረኞች መንደራችን፣ ተረት የምንሰማው ብረት በሚቀልጥበት ምሽት ነበር። ያኔ ወንዶቹ ከኮረብታው ሥር ጉድጓድ እየቆፈሩ ቀዩን የብረት ድንጋይ ያወጣሉ፤ ሴቶቹ ይወቅጡታል፤ ከዚያ ከከሰል ጋር እየተነባበረ የጭቃ ምድጃ ውስጥ ይገባና አባቴ ወናፉን ሲነፋበት ያመሻል። እኛ ልጆች ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ በፍሙ ብርሃን የአክስቴን የታደለችን አፍ አፍ እናያለን።

ተረቷ አንድ ብቻ ነበር። ጅብ የጃርትን ባል በጉድጓዱ እንዳለ አፈር ያለብሰዋል፤ ጃርቷም ቀን ትጠብቃለች። መጨረሻውን ስንጠይቃት «ጅቡ ገና አልቸገረውም» ብላ ፍሙን ትቆሰቁሳለች። ጅቡ ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የአገሩ ባላባት ለጎተራው ግንድ ሲፈልግ አሽከሮቹን ልኮ የጉድጓዱን ድጋፍ አስነቅሎ ወሰደ፤ ይህን ያላወቀው የአክስቴ ባል ላምቦሮ በማግስቱ ማልዶ ድንጋይ ሊቆፍር ገባና ጉድጓዱ ተናዶበት ሞተ። ዳኛው ዘንድ ብትሄድ «አፈር አይከሰስም» ብለው መለሷት።

የበልግ ዝናብ ሲጥል የአገሩ ማረሻ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ቡዳ ናችሁ ስለሚሉን ቤታችን የሚገባ የለም፤ ማረሻውን ከአጥር ውጭ አስቀምጠው ይጣራሉ። በዝናብ ወቅት የመጣ ማረሻ ደግሞ ሳይሠራ አይመለስም፤ የአባቶቻችን ደንብ ነበር። በዚያ በልግ ግን አክስቴ በየአንጥረኛው ደጃፍ ተቀምጣ እያለቀሰች፣ የባላባቱን ማረሻ ማንም እንዳይነካ አስማለች። አሽከሮቹ ጃጁራ ገበያ ድረስ ይዘውት ዞሩ፤ ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበር።

በመጨረሻ ባላባቱ ራሱ መጣ። የሚጸየፈውን ደጃችንን ረግጦ ገባና ማረሻውን አክስቴ እግር ሥር አኖረ።

«ስለ ማርያም ብለሽ፣ ዝናቡ ሊያልፈኝ ነው» አላት።

አክስቴ ብረቱን አንስታ አገላበጠችው። «ይሄን ያወጣው ላምቦሮ ነው፣ ጌታዬ። ከእንግዲህ የሱ ነገር እርስዎ ቤት አያድርም» አለችና ፍሙ ውስጥ ጣለችው። አባቴ ወናፉን ነፋ፤ ብረቱ ሲግል እዚያው ፊቱ ቀጥቅጦ የአክስቴ መቆፈሪያ አደረገው።

ባላባቱ ሊያባርረን ዝቶ ነበር፤ ጭሰኞቹ ራሳቸው «አንጥረኛ ከሄደ በምን እናርሳለን?» ብለው ሲያጉረመርሙ ተወው። ያን ዓመት የሌላው ሰው እርሻ ሲያሸት የእሱን ሁዳድ ዳዋ በላው።

ዛሬ ሆሳዕና ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብዬ ሰባኪው ስለ ይቅርታ ሲያስተምር አሜን እላለሁ፤ ከልቤም ነው። ያ ሁዳድ ትዝ ሲለኝ ግን፣ አክስቴ በዳዋው መሃል እየሳቀች ስታልፍ ይታየኛል፤ አሁንም ደስ ይለኛል።