ከጠረጴዛው ሥር የተሰጠ የኮምፒውተር ትምህርት

ኮምፒውተር ላስተምራችሁ ያለ ሰው ማውሱን ከእጃችሁ ወስዶባችሁ ያውቃል? «ቆይ፣ ቆይ፣ እኔ ላሳይህ» ይልና ቀስቷ ስክሪኑ ላይ እንደ ዝንብ ትበራለች። አንድ ነገር ይከፈታል፣ ሌላው ይዘጋል፣ እናንተ ገና «እሺ» ሳትሉ «አየህ? ቀላል ነው!» ይላችኋል። ለእሱማ ቀላል ነው። ደርሶባችሁ ከሆነ አዝናለሁ። እኔ ግን ከወሳጆቹ ወገን ነኝ።

ሥራዬ ማስተማር ነው፤ እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ሒሳብ አስተምራለሁ። ጠመኔዎቼ በቀለም ተለይተው ነው የሚቀመጡት። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው ሌላውን «ቤቴል በየት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ያውም ከአየር ጤና ጀምሬ።

ቤቴል ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን «እትዬ» ከተባለ የትኛዋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እትዬ መዝሙር ከወረቀት አይተው አያውቁም፤ ሁሉም በቃላቸው ነው። ለዓመታት ከመዘምራኑ ጎን ቆመው ቀጣዩን ስንኝ ለጉባኤው ቀድመው ይጠሩ ነበር። ሕዝቡ አንዱን ሊጨርስ ግማሽ ትንፋሽ ሲቀረው የእሳቸው ድምፅ ይደርሳል። ከዚያ ፕሮጀክተር ተገዛ። ግጥሙ ግድግዳው ላይ ወጣ፤ ሕዝቡም ዓይኑን ከእትዬ አንስቶ ወደ ግድግዳው አዞረ። የሚዲያ ክፍሉ አስተባባሪ፣ ከእኔም በዕድሜ የሚያንስ ልጅ፣ በታላቅ አክብሮት ቀርቦ እንዲህ አላቸው፦

«እትዬ፣ እርስዎ እንግዲህ ይረፉ። በጸሎት ያግዙን።»

«እጸልያለሁ» አሉት። «ጸሎት እጅ አያስርም። ኮምፒውተሩን አሳዩኝ።»

ልጁ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። በመጨረሻ ስምምነት ተደረሰ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለው የረቡዕ ፕሮግራም ግጥሙን በኮምፒውተሩ ብቻቸውን ካወጡ ወንበሩ የእሳቸው ይሆናል። ካልቻሉ ግን ያርፋሉ። በእትዬ ዕድሜ ላለ ሰው ማረፍ የሚለው ቃል ምን ምን እንደሚያስታውስ ልጁ አላሰበበትም።

ለማስተማር እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተባባልን። የትምህርት ዕቅድም አዘጋጀሁ፤ በግራ በኩል «የመምህሩ ተግባር»፣ በቀኝ በኩል «የተማሪው ተግባር»። የመምህሩ ዓምድ ሞልቶ ወደ ሌላ ገጽ ተሻገረ። በተማሪው ዓምድ ከላይ እስከ ታች የተጻፈው አንድ ቃል ነበር፦ ያዳምጣሉ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ርዕስ «ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ኮምፒውተሩ ቤት ነው አልኳቸው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ደግሞ ቤቱን የሚያስተዳድረው ሰው ነው። በሩን ይከፍታል፣ እንግዳውን ያስተናግዳል፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ይወስናል። እትዬ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ቤቱ ሰው ካለው መልካም ነው» አሉ። «ታዲያ እንግባ?»

እጃቸው ወደ ማውሱ ሄደ። «ቆይ፣ ላሳይዎት» አልኩና ቀደምኩ። በዚያ ቀን እጃቸው ደጋግሞ ሄደ፤ እኔም ደጋግሜ ቀደምኩ። ስንጨርስ «ገባዎት?» አልኳቸው። «ገባኝ፣ ልጄ» አሉ። ጥሩ ትምህርት እንደነበር ርግጠኛ ሆኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዴስክቶፑን ልብ ብዬ አየሁት። ከበስተጀርባ የመዘምራኑ የቡድን ፎቶ አለ፤ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ተደርድረው። ፎልደሮቹ ግን እንደ ተበተነ ቆሎ ፊታቸው ላይ ተንጠባጥበዋል። አንዱ ግንባር ላይ፣ አንዱ አፍ ላይ። ወዲያው በስም ቅደም ተከተል አድርጌ ሁሉንም በግራ ጠርዝ አሰለፍኳቸው፤ ልክ እንደ ጠዋት የባንዲራ ሰልፍ።

እትዬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «ለምን ነካካኸው?»

«ሥርዓት ለማስያዝ ነው፣ እትዬ።»

«እሺ።» ቦርሳቸውን ዘጉ። «ሁለት ቅዳሜ ተማርን። አንተማ ጎበዝ ወጣህ።»

ምስጋና መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ከረቡዑ በፊት የመጨረሻው ነበር። ገና ከመጀመራችን ኮምፒውተሩ ጠፋ። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ሳየው የግድግዳው ሶኬት ላልቷል፤ መሰኪያውን ጫን አድርጌ ስይዘው ይሠራል፣ እጄን ሳላላ ይጠፋል። አዳራሹ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም።

«እንግዲህ ያዘው» አሉ።

«እኔ ይኼን ከያዝኩ ማን ያሳይዎታል?»

«ያዘው አልኩህ!»

ያዝኩት። በሆዴ ተኝቼ፣ አፍንጫዬ አቧራ ላይ፣ ሁለት እጄ ግድግዳው ላይ። ከእትዬ የሚታየኝ ጥቁር ጫማቸው ብቻ ነበር። ከላይ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ተሰማኝ።

«ምን ይታይዎታል?» አልኩ። በሦስት ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የማላውቀውን ነገር ጠየቅኳቸው።

«መዘምራኑ።»

«ጥሩ። ከጠርዙ ላይ ካሉት ፎልደሮች ከላይ ወደ ታች...»

«ቆይ፣ አትንገረኝ። የረቡዕ መዝሙሮች በወፍራም ድምፅ ቤዝ የሚዘምረው የረጅሙ ልጅ ግንባር ላይ ነበር። የእሑዱ የዚያች ብቻዋን ሶሎ የምትወጣው ልጅ አፍ ላይ። የለቅሶ መዝሙሮቹ የአስተባባሪው ደረት ላይ። አሁን የታሉ? አንተ ነህ ጥግ ያስያዝካቸው!»

ያኔ ገባኝ። እኔ ሳወራ እሳቸው እኔን አልነበረም የሚያዩት፤ ስክሪኑን ነበር። ሁሉን ቦታ ቦታውን አውቀውት ነበር። እኔ ደግሞ የሰው ማድ ቤት ገብቼ በርበሬውንና ስኳሩን በፊደል ተራ ደርድሬ ወጣሁ።

«ልመልስልዎት!» ብዬ ስነሣ ሶኬቱን ለቀቅኩት። ከላይ ሁሉ ነገር ጸጥ አለ።

«ወይ ጌታ ሆይ!» አሉ እትዬ። «አንተ ልጅ፣ እጅህን እዚያው! ኮምፒውተሩን የማስቸግረው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

ተመልሼ ተኛሁ። ኮምፒውተሩ እንደገና ተነሣ። ማየት ስላልቻልኩ መናገር ብቻ ቀረኝ።

«ፎልደሩን በማውሱ ጫን ያድርጉት። ሳይለቁ ይጎትቱት።»

«አንተ ሶኬቱን እንደያዝከው?»

«አዎ! ልክ እንደሱ።»

ከሰጠኋቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሠራው ይኸው ብቻ ነው፤ እሱንም ያመጡት እሳቸው ናቸው። የጫማቸው ጫፍ ወደ ላይ ተነሣ።

«ሄደ፣ ሄደ... ወይኔ! ጠፋ! እሑዱ ውስጥ ገባ!»

«ችግር የለም፣ አሁን...»

«ዝም በል።»

አፍንጫዬን ወደ አቧራው መለስኩ። የማውሱ ድምፅ ይሰማኛል። ጠቅ፤ ቆም ይላሉ፤ ጠቅ። በር አንኳኩቶ «ማን ነው?» እስኪባል እንደሚጠብቅ ሰው። «ፈጠን ያድርጉት፣ ማንም አይመልስም» አልኩ። ጠቅ ጠቅ። የእሑዱ ተከፈተ። የረቡዑን ከውስጡ ሲያወጡ አንድ ጊዜ ካልኩሌተር ተከፈተ፣ አንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ከስክሪኑ ጠፋ። ክንዴ ደነዘዘ። በመጨረሻ ጫማቸው ወለሉ ላይ አረፈ።

«ግንባሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሌሎቹም ቦታ ቦታቸው ገብተዋል» አሉ። «አሁን ና ውጣ። አቧራህን አራግፍ።»

ረቡዕ ሶኬቱ ተቀይሮ ነበር። እትዬ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ከጎናቸው፣ አስተባባሪው ከኋላችን እጁን አጣምሮ ቆመ። የመጀመሪያው መዝሙር በሰላም አለፈ። በሁለተኛው መሐል የማይነካ ነገር ነኩና ግጥሙ ከግድግዳው ጠፋ። በምትኩ የመዘምራኑ ፎቶ ግድግዳውን ሞላው፤ እያንዳንዱ ፎልደሩን ፊቱ ላይ ተሸክሞ። መድረክ ላይ ያለው ቤዝ ዞር ብሎ የራሱን ግንባር አየ። ድምፁ ተሰበረ። የእኔ እጅ ወደ ማውሱ በረረ።

እትዬ ዞር እንኳ ሳይሉ «አንተ ሶኬቱን ያዝ» አሉኝ በሹክሹክታ።

የሚያዝ ሶኬት አልነበረም። ሁለት እጄን ጭኔ ሥር ከተትኩና ተቀመጥኩባቸው።

ከዚያ እትዬ በዚያ በቀድሞው ድምፃቸው ቀጣዩን ስንኝ ጠሩ። ሕዝቡ ተከተለ። እሳቸው በአፋቸው እየጠሩ በእጃቸው ግንባሩን አንኳኩ፤ ጠቅ ጠቅ፤ ማንንም ሳይጠብቁ። ስንኙ ሳያልቅ ግጥሙ ግድግዳው ላይ ተመልሶ ነበር።

ከፕሮግራሙ በኋላ አስተባባሪው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እትዬ፣ እሑድስ ይመችዎታል?»

«ይሄ ልጅ ዳግመኛ ሥርዓት ካላስያዘልኝ ይመቸኛል» አሉት ወደ እኔ እያመለከቱ።

እኔም ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤት ዕቅዴ ላይ «ያዳምጣል» የሚለውን ቃል ወደ መምህሩ ዓምድ አዛውሬዋለሁ። ርዕሰ መምህሩ ስሕተት መስሏቸው በቀይ አርመው መለሱልኝ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። እናታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው «ይቺን ነገር አሳየኝ» ሲሏችሁ፣ እጃችሁን ጭናችሁ ሥር አስገቡና «ምን ይታይዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙ። እጃችሁ አልታዘዝ ካላችሁ ጠረጴዛው ሥር ግቡ።