ሳቲን የማያሳልፈው እጄ

በደርግ ጊዜ ቆቦ ላይ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ተቀምጬ የስፌት መኪና ነው የምረግጠው፤ እጄን ያየ ግን ድንጋይ ስፈልጥ የኖርኩ ይመስለዋል። ጣቶቼ ክረምት እንደራቀው መሬት ተሰነጣጥቀው ነበር።

ጥፋቱ የፍርሃቴ ነው። ሰፊ ቅባት ይፈራል። የራያ ሰው ቅቤውን ከአናቱ እያወረደ፣ ቆዳው እያብረቀረቀ በደጄ ሲያልፍ፣ እኔ ጨርቄን አቅፌ ወደ ጓዳ እሸሽ ነበር። ደንበኛ በመጣ ቁጥር እጄን በልብስ ሳሙና እፈትጋለሁ። የመኪናው ዘይት ከነካኝማ በላምባ ነው የምታጠበው። ውሃ መጠጣት የሚባል ነገር አላውቅም፤ ኑሮዬ ሻይ በዳቦ ነው።

ባለቤቴ አላማረረችም። ጀርባዋን ሲበላት "እስቲ እጅህን ወዲህ በል፣ አትንቀሳቀስ" ትልና ራሷ ትታከክበታለች። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ደግሞ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ እጄን ወደ ላይ አነሣና "ጓዶች፣ የሠርቶ አደር እጅ ማለት ይህ ነው" አለ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲያ ስንጥቄን እንደ ሜዳሊያ ይዤው ዞርኩ።

ሜዳሊያዬን የገፈፉኝ ከጎብዬ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ለልጃቸው የሙሽራ ቀሚስ የሚሆን ነጭ ሳቲን ይዘው መጡ። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ያንን ቀሚስ የሰፋ ሰው የጎረቤት ከተሞቹን የሮቢትንም የዋጃንም ሙሽሮች እንደሚያለብስ ገባኝ። ጨርቁን ላደንቅ እጄን አሳለፍኩበት። ክር መዘዝኩ።

"ይሄ እጅ ነው ሞረድ?" አሉኝ።

"የሠርቶ አደር እጅ ነው፣ እማማ።"

"እንግዲያው ማሽላ እጨድበት። የልጄን ቀሚስ አትነካበትም።"

ጨርቁን ጠቀለሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው አዩኝ፤ አሳዘንኳቸው መሰለኝ። "ለሆሳዕና እመለሳለሁ። ያኔም ክር ከመዘዝክ ማዶ ላለው ሰፊ ነው የምሰጠው።"

ማዶ ያለው ሰፊ እጁ ለስላሳ ነበር። ስለ ስፌቱ አልናገርም። እሺ፣ ጠማማ ነበር።

ባለቤቴ እስኪበቃት ሳቀችና ሳሙናውን ቀማችኝ፤ ላምባውንም ደበቀችው።

"በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብና፣ እጅህ ሳይደርቅ የሰሊጥ ዘይት ትቀባለህ" አለች።

"ጨርቁን ቢነካብኝስ?"

"ተኝተህ ትሰፋለህ እንዴ? ማታ ተቀብተህ ጠዋት ትጠርገዋለህ።"

ይህችን ሳላስብ ስንት ዘመን ኖርኩ። ከአቡጀዲ ቁራጭ ለሁለቱ እጆቼ ከረጢት ሰፋሁላቸውና ዘይቴን ተቀብቼ፣ ከረጢቴን አጥልቄ መተኛት ጀመርኩ። ልክ አህያ ሰርቆ እንደታሰረ ሰው። በየቀኑ ከሰዓት ጾም ስንፈታ ሻይ ስጠይቃት የተልባ ውሃ ታቀርብልኛለች፤ እየተዝለገለገ አልወርድ ይለኛል። ከዚያ ሱፍ ፍትፍት፣ ከዚያ ጎመን። መኪናዬ አጠገብ የውሃ እንስራ አስቀመጠችልኝ፤ ማታ ሳይጎድል ካገኘችው ወዮልኝ። ስንጥቁ መጀመሪያ አቃጠለኝ፤ ኋላ ጠርዙ ለሰለሰ፤ ቀስ በቀስም ገጠመ።

ሴትዮዋ በሆሳዕና ማግስት መጡ። ሳቲኑን ዘረጉና "አሳልፍ" አሉ። አሳለፍኩ። "ሌላውን እጅህን።" ያንንም አሳለፍኩ። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተው ከዳር እስከ ዳር መረመሩት። አንድም ክር አልተነካም።

"የማንን እጅ ነው የሰረቅከው?" አሉና ጨርቁን ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት።

ቀሚሱን ሰፋሁት። ሙሽራዋ ስትራመድ ቀሚሱ እንደ ወንዝ ይፈስ ነበር፤ እኔም ሰርጉ ላይ ያልጨበጥኩት ሰው የለም። ማዶ ያለውን ሰፊማ እጁን ይዤ አልለቅም አልኩ። ሊቀ መንበሩ ጨብጦኝ ግራ ገባው።

"ጓድ፣ ሥራ አቆምክ እንዴ?"

"ኧረ ገና መጀመሬ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።"

እንዳሰብኩትም የዋጃ ሙሽሮች መጡ፤ የሮቢትም መጡ። ዛሬም፣ አርጅቼ እንኳ፣ ማታ ዘይቴን ሳልቀባ አልተኛም። ባለቤቴ ብቻ እስካሁን አልማረችኝም። ጀርባዋን ሲበላት የበሩን መቃን ተደግፋ ትታከካለች፣ እኔን እኔን እያየች።