አንዲት ፊደል ብትነካ

ሴትየዋ የጻፈችው ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ላይ ዲጂታል ፊርማ ልታስደርግ ፊርማ ሰጪው ቢሮ መጥታ ሠራተኛው ፊት ተቀምጣለች። በሩ ሲጥ ባለ ቁጥር ክንዷ ፊቷን ሊከልል ብድግ ይላል። ቀኝ እጇን እሳት በልቶት ጣቶቿ ተጣብቀዋል፤ የይለፍ ቃሏን ያስገባችው በግራዋ ነው፣ ያውም ሠራተኛው ዞር እስኪልላት ጠብቃ።

«መጀመሪያ ደብተር ላይ ጽፌው ነበር» አለች፣ የሰው ወሬ የምታወራ ይመስል። «ባሌ ምድጃ ውስጥ ከተተው፤ ከጻፈው እጅ ጋር።»

ሠራተኛው የሚያውቀው ሥራውን ነውና ስለ ሥራው ነገራት፦ «እህቴ፣ ከእንግዲህ ማንም አንዲት ፊደል ቢነካ ፊርማው ወዲያው ይናገራል።»

ሴትየዋ ሳቀች፤ የፊት ጥርሶቿ የሉም።

«ወይ ጉድ! እኔ አሥር ዓመት ስደበደብ ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ፣ ለአንዲት ፊደል የሚጮህላት ተገኘ?»